እያደር የጣፈጠ ጠበል

ባንቺዓለም ኬሻው የታሰረበትን ቃጫ በጥርሷ በጥሳ ስኳሩን ወደ እንስራው ስትገለብጥ፣ ውሻዋ ከአጥሩ በር ላይ ሆኖ ይጮህ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ፈታሾች የጎረቤቷን የውዴን ቤት ጨርሰው ወጥተዋል። ከውዴ ደጅ እስከ እሷ ደጅ ያለው አንድ የድንች ማሳ ብቻ ነው። ስትቸኩል ጥቂት ስኳር መሬት ላይ ፈሰሰባት፤ በእግሯ አፈር መለሰችበት። ውሃው ከፍ እያለ መጥቶ እስከ እንስራው አንገት ደረሰ። ሞልቶ ሊፈስ ነው ብላ ስትሳቀቅ እዚያው ላይ ቆመ። ጎንበስ ብላ አየች። ነጩ ነገር ሁሉ ወደ ታች ወርዷል፤ ላዩ እንደ ቅድሙ ውሃ ነው። ባዶውን ኬሻ ገልብጣ ዶሮዋ ከታቀፈችበት ቅርጫት ሥር አነጠፈችው።

ሌላ ውሃ በቤቱ ቢኖር ኖሮ ይህን አታደርግም ነበር። ያለው ግን ያ ብቻ ነው፤ እሱም ለራስ ምታቷ ብላ ከሚካኤል ምንጭ በጀርባዋ አዝላ ያመጣችው ጠበል ነው። "ሚካኤል ሆይ፣ አንተው ታውቃለህ" አለች በልቧ። ጠበል ውስጥ እጁን የሚከት ፈታሽ አይኖርም ብላ ነበር።

ስኳሩ የስርቆት አይደለም። ያለቻትን አንድ ጊደር ንፋስ መውጫ ወስዳ ሸጣ፣ ከወልዲያ በኩል በጭነት መኪና ከሚመላለስ ነጋዴ ተደብቃ ገዝታ፣ ከገብስ ሥር ቀብራ ያመጣችው ነው። ግን ባለፈው ሰሞን ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ አንድ ጆንያ ስኳር ጠፍቷል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከኮታው በላይ ስኳር የተገኘበት ሰው፣ ከየትም ያምጣው ከየት፣ አሻጥረኛ ተብሎ እጁን የኋሊት ታስሮ ወደ ደብረ ታቦር ይነዳል። ባንቺዓለም ለእስሩስ ያን ያህል ግድ አልነበራትም። የፈራችው ስኳሩ ለምን እንዳስፈለጋት መጠየቋን ነው።

ስኳሩ ለዓባይ ተዝካር ነበር። ዓባይ አንድ ልጇ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ተብሎ ከገበያ መሀል ታፍሶ ወደ ሰሜን የዘመተ። ካሳ የሚባል፣ አብሮት ዘምቶ አንድ እግሩን ያጣ የስማዳ ልጅ ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ አፈላልጎ አግኝቷት፣ "እናቴ፣ በእጄ ነው አፈር ያለበስኩት" ብሏታል። ይህን የሰማች ዕለት ወደ ሊቀመንበሩ ወደ ደምሌ ሄዳ፣ ካሳን ሳታነሣ፣ "የልጄ ወሬ አለ ወይ?" ብላ ጠየቀች። ደምሌም፣ "ልጅሽ ደኅና ነው፤ ግዳጁን እየተወጣ ነው። የጠላት ወሬ ጆሮሽ አይግባ" ብሎ መለሳት። መንግሥት ሳያረዳ ያለቀሰ ሰው ወሬ ነዢ ይባላል፤ እንዲህ ተብላ አንዲት የእስቴ ሴት መታሰሯን ሁሉም ሰምቷል። ስለዚህ ባንቺዓለም አላለቀሰችም። ከል አልለበሰችም፣ ፀጉሯን አልተላጨችም። ገበያ ስትሄድ ሰው "ዓባይ ደኅና ነው?" ሲላት "ደኅና ነው፣ ይመስገነው" እያለች ከረመች። ይህን የምትልበት አፏ ቢቆረጥ በወደደች ነበር።

የቀራት ተዝካሩ ብቻ ነው። የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ሩፋኤል ፍትሐቱን በክርስትና ስሙ ሊያደርሱላት እሺ ብለዋታል። ዓባይ የክርስትና ስሙ ገብረ ኢየሱስ ነው፤ ገብረ ኢየሱስ ማን እንደሆነ ደምሌ አያውቅም። ድግሱም የሚካኤል ዝክር ይባላል። ድርቁ ንቡን ከቀፎው ስላባረረው ማር የሚባል ነገር በአገሩ የለም፤ ጠጁ በስኳር ሊጣል ነው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ጋኑ ታጥቦ ተዘጋጅቷል። ሰውም መጥቶ ይጠጣል፤ ለማን እንደጠጣ የሚያውቁት እሷና አባ ወልደ ሩፋኤል ብቻ ይሆናሉ።

ደምሌ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። ከኋላው አብዮት ጠባቂው አለበል ምንሽር ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ ሁለት ሌሎችም ተከተሉ። ደምሌ ከእሷ በብዙ ዓመት ያንሳል፤ ልጅ ሳለ የአጥሯን ኮክ ሲሰርቅ በአርጩሜ ያባረረችው ነው። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ግን እሱ አንቺ ይላታል፣ እሷ እርስዎ ትለዋለች።

"ስኳር አለሽ?"

"በኮታ የሰጣችሁኝ ነበረ፤ አልቋል።"

"እናያለን።"

አዩ። የገብሱን ጎታ በእንጨት ወጉት፣ የመኝታዋን ቁርበት ገለበጡት፣ ሌማቷን ከፍተው ያቺኑ ግማሽ እንጀራ አይተው ከደኑ። ዶሮዋ ስትጮህባቸው አንደኛው ፈታሽ ሳቀና እጁን ሰበሰበ። ደምሌ በመጨረሻ እንስራው ፊት ቆመ።

"ይህስ?"

"ጠበል ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ውሃ ነው በያ። አለበል፣ እጅህን ከትና እይ።"

አለበል ወደ እንስራው ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ መሬት። "ጠበል ላይስ እጄን አልከትም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እጅህን ካልከተትክ ጠጣዋ! አረቄም እንደሆነ ይታወቃል።"

አለበል ምንሽሩን ከበሩ መቃን አስደግፎ አማተበ፤ በጣሳው ከላይ ቀድቶ ጠጣ። መሀል ላይ ሲደርስ ቆም አለ። እንስራውን አየ፣ ባንቺዓለምን አየ፣ የቀረውንም አንጠፍጥፎ ጠጣው። ባንቺዓለም መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

"ምንድን ነው?" አለ ደምሌ።

"ጠበል ነው" አለ አለበል፤ ምንሽሩንም አንሥቶ ቀድሟቸው ወጣ።

ያን ቀን ባንቺዓለም አለበልን ስትመርቀው ዋለች። ዓባይን ከገበያ መሀል ካፈሱት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ በአፈሳው ዕለት የልጇን ክንድ የያዘበት እጅ እስካሁን ሕልሟ ውስጥ ይመጣል። ቢሆንም ሸፈነልኝ፣ አወቀና ዝም አለልኝ ብላ መረቀችው። ነገ ሰው ከመንደሩ ሲርቅ ውሃውን ወደ ጋኑ ልገልብጥና ጌሾውን ልጨምር አለች።

በማግሥቱ ፀሐይ ሳትወጣ አለበል መጣ። ምንሽሩን አልያዘም። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ጫማውን ከደጅ አውልቋል፤ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው።

"እትዬ ባንቺዓለም፣ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረ።"

"ምነው? ምን ሆንህ?"

"ጠበሉ ጣፈጠኝ" አለ። "ማር ማር አለኝ።"

ባንቺዓለም ወደ በሩ አየች። "ለማን ነገርህ?"

"ለታንጉ ብቻ፣ ለሚስቴ። መጀመሪያ ክፉ አሰብኩ፤ አልዋሽዎትም። ስኳር ይሆን እንዴ አልኩ። ግን ቤትዎን የፈተሽኩት ራሴ ነኝ! አንዲት ፍሬ አልተገኘብዎትም።" ድምፁ ተሰበረ። "ሚካኤል ነው፣ እትዬ። እኔን ሊመክረኝ ነው። የሰው ልጅ አስሬአለሁ፣ የሰው ልጅ አፍሼአለሁ። የእርስዎንም ልጅ ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ያውቃሉ። በእርስዎ ቤት አሳየኝ።"

መሬት ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ባንቺዓለም ከላዩ ቆማ ምን እንደምታደርግ ጠፋት። ትናንት ሸፈነልኝ ብላ ስትመርቀው የዋለችው ሰው ለካስ አምኖ ነው። "ስኳር ነው፣ ተነሥ" ብትለው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን አብዮት ጠባቂ ነው፤ ነገ ምንሽሩን ሲያነግት ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ደግሞም እንዲህ እያለቀሰ ያለን ሰው በምን አፏ ታሳፍረዋለች።

"ለታንጉ ትንሽ ይስጡኝ" አለ። "ከወለደች ወዲህ ከመኝታዋ አልተነሣችም።"

ጠበል አይከለከልም። ሰጠችው።

በማግሥቱ ታንጉ ተነሥታ ተቀመጠች ተባለ። ታንጉ ከወለደች ጀምሮ አጥሚት እንኳ ያላገኘች አራስ ናት፤ ከደረቅ ቂጣ በቀር ጉሮሮዋ ያለፈ የለም። ርሃብ ለጣላት ሴት ስኳር ነፍስ ቢዘራባት የሚገርም ነገር አልነበረውም። አገሩ ግን ሌላ ነገር አለ። ውዴ ያበጠ እግሯን እየጎተተች መጣች። ከወንዙ ማዶ ሽባ በቃሬዛ መጣ። ሆዱን የሚያመው፣ ዓይኗ የሚያዝባት፣ ልጇ ጡት አልይዝ ያላት፣ ሁሉም ምንም ሳይቀምስ በጠዋት መጥቶ ደጇ ላይ ይኮለኮላል። "ስኳር ነው" የሚል ተጠራጣሪ ሲገኝም መልሱ አንድ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ራሱ ቆሞ አስፈትሾታል፣ በዚያ ቤት ስኳር የለም።

ከሁሉም የከፋው ጠበሉ እያደር መጣፈጡ ነው። ስኳሩ እንደተገለበጠ ወደ ታች ወርዶ ተቀምጧል፤ ማንም አላማሰለውም። የጋይንት ብርድ ደግሞ ስኳር ቶሎ አያሟሟም። ከላይ የተቀዳው ቀለል ያለ ጣዕም አለው፤ ጎደል እያለ ታች ታች ሲኬድ ግን ይወፍራል፣ ይጣፍጣል። ሻይ ሳያማስል የጠጣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጠበልን ግን እንደ ሻይ ብርጭቆ የሚያስብ ማን አለ? በመጀመሪያው ቀን ለስለስ ያለ ነው ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን ወለላ ሆነ ተባለ።

"ባንቺ፣ ሞት ይርሳኝ፣ ዛሬማ ከንፈር ያጣብቃል!" አለች ውዴ ጣሳውን እየላሰች። "ነገ ምን ሊሆን ነው?"

"ነገ ያልቃል" አለች ባንቺዓለም።

"አፍሽን ቁረጪው! የሚካኤል ነገር ያልቃል?"

"እግርሽስ?"

"እግሬማ ያው ነው። ልቤ ግን ቀለል ብሎታል።"

ማታ ማታ የተረፈውን ወደ ጋኑ ልገልብጥ ብላ ሁለት ጊዜ ሞከረች። ግን ከሩቅ የመጡ ሴቶች በረንዳዋ ላይ ማደር ጀምረዋል፤ እንስራው ሲነካ ብድግ ይላሉ፣ እልል ሊሉ። ባንቺዓለም ጠላቻቸው። በየጉንጩ "ቁርጥ" የሚለውን የጉሮሯቸውን ድምፅ እየሰማች፣ ይህ የልጄ ነው፣ ይህ የልጄ ነው ስትል በልቧ ትቆጥር ነበር።

በአራተኛው ቀን ሰውን ለውዴ ትታ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ሄደች። አባ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጠው የዳዊታቸውን ማኅደር ይጠግኑ ነበር። መስቀሉን ከተሳለመች በኋላ እንኳ አልተቀመጠችም።

"አባቴ፣ ስኳር ነው።"

ወስፌያቸውን አስቀመጡ። "ጠርጥሬ ነበር" አሉ።

"ሕዝቡን አሳሳትኩት። ጠበሉን አረከስኩት።"

"ጠበልስ በስኳር አይረክስም። የሚያስጠይቅሽ ዝምታሽ ነው።"

"ታዲያ ልናገር?"

አባ ወደ ቅጥሩ በር ተመለከቱ። የገበሬ ማኅበሩ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ከወሰደ ወዲህ እንዲህ ነው፤ ከመናገራቸው በፊት በሩን ያያሉ። "ብትናገሪ ለምን አመጣሽው ይሉሻል" አሉ ቀስ ብለው። "የዓባይ ነገር ይወጣል። ከዓባይ ቀጥሎ፣ መርዶ ሳይነገር ፍትሐት እሺ ያለ ቄስ ማን ነው ይባላል።"

"እና ምን ላድርግ?"

"ዝም በዪ። ሁለት ቀን ነው ሦስት ቀን፤ ያልቃል።"

"እሱን እኮ ነው የምልዎት አባቴ!" ድምፏ ደጀ ሰላሙን ሞላው። "ያልቃል! እያለቀ ያለው የልጄ ተዝካር ነው! ጊደር የለኝ፣ ማር የለ፣ ከየት አመጣለሁ ሁለተኛ? ሜዳ ላይ ወድቆ የቀረው አንሶ ተዝካሩንም አላፊ አግዳሚ ይጠጣው?"

የአባ ሽበት ላይ ዝንብ አርፎ እንኳ አላባረሩትም። "ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "እኔ ፈሪ ነኝ። እውነቱ ይህ ነው። ከእኔ ምክር አትጠብቂ።"

ቢቆጧት፣ ቀኖና ቢሰጧት፣ ውጪ ቢሏት ይሻላት ነበር። መስቀላቸውን እንደገና ተሳልማ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ሳታለቅስ ሄደች፤ አለማልቀሱን ለምዳዋለች።

በማግሥቱ ጠዋት ደጇ ከወትሮው በላይ ሞልቶ ጠበቃት። እንስራው ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ ጣሳውን ለመሙላት ማዘንበል ነበረባት። ሁለት ሰው እንዳጠጣች በአጥሩ በር በኩል ያለው ሰው ተከፈለ። ደምሌ ነው። አለበል ከኋላው ምንሽሩን እንደገና አንግቷል፤ ቀና ብሎ አላያትም።

"ተአምር ተገኘ አሉ!" አለ ደምሌ ሰዉን ቁልቁል እያየ። "ድርቅ አጥፍቶን፣ ጠላት ከቦን፣ እናንተ ማሳችሁን ትታችሁ ውሃ ትጠጣላችሁ?"

ማንም ከቦታው አልተነሣም። ደምሌ ይህን አስተዋለ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"እኔ የማውቀው፣ ውሃ የሚጣፍጠው በሁለት ነገር ነው። በማርና በስኳር። ማር እንደሌለ ሁላችን እናውቃለን።"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈትሼዋለሁ እኮ" አለ አለበል። "እርስዎም ቆመው ነበር።"

"አንተ ዝም በል!"

"እኔም እመሰክራለሁ!" አለች ውዴ ከሰዉ መሀል። "ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ በዚህ ቤት ስኳር አልገባም!"

"እኛም! እኛም!" ተባለ ከየቦታው። ሽባው እንኳ በቃሬዛው ላይ ሆኖ እጁን አነሣ።

ባንቺዓለም ሰዉን ተመለከተች። መውጫ መንገዱ ወለል ብሎ ታያት። "ሚካኤል ያውቃል" ብትል ይበቃል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ይምልላታል፤ ደምሌም ይህን ሁሉ ሕዝብ አያስርም። እንስራው ዛሬ ያልቃል፣ ነገ ሰው ይበተናል፣ እሷም ቤቷ ትቀመጣለች። ዓባይም ደኅና ነው እንደተባለ ይኖራል። ዓመትም ሁለት ዓመትም፣ "ደኅና ነው፣ ይመስገነው" እያለች ትኖራለች።

"ቅጂልኝ" አለ ደምሌ። "እኔው ልቅመሰው።"

ባንቺዓለም ጣሳውን አስቀመጠች። ወደ ጓዳ ገብታ የወጥ ማማሰያውን ይዛ ወጣችና በእንስራው አፍ ከትታ እስከ ታች ሰደደችው። ታች የተኛው ስኳር በሸክላው ላይ ሲፋጭ ድምፁ ተሰማ፤ እንደ አሸዋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እስኪበቃት አማሰለች። ከዚያ እንስራውን አዘንብላ ጣሳውን ሞላችና ለደምሌ ሰጠችው። ወፍራም ነው፣ ደፍርሷል፣ ያልሟሟ ነጭ ፍሬ ይዞርበታል።

"ነፍስ ይማር በል" አለችው።

አንተ ማለቷን መጀመሪያ የሰማው ደምሌ ነው። "ምን አልሽ?"

"ስኳር ነው። ተአምር የለም። እናንተ አጥሩ ጋ ስትደርሱ እኔ ነኝ የገለበጥኩት። ጊደሬን ሸጬ የገዛሁት ነው።" ወደ ሰዉ ዞረች። "እናንተም ይቅር በሉኝ፤ የምትጠጡት የልጄን ተዝካር ነው። የዓባይን። ዓባይ ሞቷል።"

ውዴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደምሌ ጣሳውን እንደያዘ ቀረ። ስለ ስኳሩ አልጠየቀም። ሰዉ እንዳይሰማው ጠጋ አለና፣

"ማን ነገረሽ?" አለ።

ባንቺዓለም ፊቱን አየችው። ሞተ እንዴ አላለም። መቼ አላለም፣ ውሸት ነው አላለም። ለካስ ያውቅ ነበር። "ግዳጁን እየተወጣ ነው" ያላት ቀን ያውቅ ነበር፤ በገበያ መሀል ሰላም ብሏት ባለፈ ጊዜ ሁሉ ያውቅ ነበር። ካሳ በክራንች ስንት ተራራ ወጥቶ ወርዶ ያደረሰላትን መርዶ ይህ ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞት ሲዞር ከርሟል። እመታዋለሁ ብላ አሰበች። እጇ ግን አልተነሣም።

"ብዙ ሰው ያውቃል" አለችው ድምፏን ሳትቀንስ። "ዛሬ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ነፍስ ይማር በልና ጠጣ፣ ካልጠጣህ ተራውን ለሚጠብቅ ሰው ስጥ።"

ደምሌ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ። ጣሳውን መሬት ላይ ሊደፋው አነሣ፤ ሰዉ ሁሉ እጁን እያየ መሆኑን ሲያይ ሳይደፋው ቀረ። ለአለበል አቀበለውና፣ "እሰራት!" አለ። "ስኳሯን ራሷ አምናለች። እሰራትና ወደ ጽሕፈት ቤት አምጣት!"

አለበል በአንድ እጁ ጣሳ፣ በሌላው የምንሽሩን ማንገቻ ይዞ መሀል ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። ባንቺዓለም ሚካኤልን እንደቀማችው አወቀች፤ ለአምስት ቀን የያዘውን ተስፋ በማማሰያ አደፍርሳበታለች። ይጠላኛል አለች። ቢጠላትም እውነት አለው።

"ገላገሉኝ ብዬ ነበር እኮ፣ እትዬ" አላት በሹክሹክታ።

"እኔ ማንንም አልገላግልም፣ አለበል። ክንዱን ይዘህ ወስደኸዋል። ነፍስ ይማር በለው፤ ሌላ የምሰጥህ የለኝም።"

አለበል ጣሳውን በሁለት እጁ ያዘ። ምንሽሩ ከትከሻው ተንሸራቶ ክርኑ ላይ ተንጠለጠለ። "ነፍስ ይማር" አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም፤ ደግሞ ጮክ ብሎ "ዓባይን ነፍስ ይማር!" አለና ጠጣ። ውዴ ያን ጊዜ ነው ደረቷን መትታ የጮኸችው፤ ሴቶቹም ተከተሏት። ባንቺዓለም ስንት ወር ሙሉ በእሷ አፍ ውስጥ ታፍኖ የኖረው ጩኸት ከጎረቤቶቿ አፍ ሲወጣ ሰማችው።

"ምን ትጠብቃለህ? እሰራት አልኩህ!" አለ ደምሌ ከኋላ።

"አስራለሁ" አለ አለበል፣ አፉን በነጠላው እየጠረገ። "ሰዉ ጠጥቶ ይጨርስ።"

ባንቺዓለም ወደ እንስራው ጎንበስ ብላ አየች። የቀረው ቢበዛ አራት አምስት ጣሳ ነው። ደጁን የሞላው ሰው ደግሞ አጥሩን አልፎ የድንቹ ማሳ ውስጥ ገብቷል። አለበል በገመድ እንዲያስረው እጇን ለመስጠት ገና አልተዘጋጀችም።

"ውዴ" አለች፣ "ለቅሶውን ተይና ከቤትሽ ውሃ አምጪልኝ።"

"የምን ውሃ?"

"የወንዝም ቢሆን፣ ያገኘሽውን። ይቅጠን፣ ግድ የለም፤ ለሁሉም ይዳረስ" አለችና ማማሰያዋን አነሣች።